ቅቤ የነካው መንጠቆ

ዓሣ አልወድም። ኋላ ሰው ከሚታዘበኝ ይህን አስቀድሜ ልናገር። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ዓሣ የሚያታልል ነገር ስሠራ ኖሬ፣ አንድም ቀን ዓሣ ገዝቼ ቤቴ አላስገባሁም። በጾም ወራት «ዓሣ ይበላል»፣ «አይበላም» እየተባለ ሰው ሲከራከር እኔ አርፌ ሽሮዬን እበላለሁ። ሽታው አይስማማኝም፤ በቃ።

ባለፈው ወር የጡረታ ደብዳቤዬ መጣ። ልጄ ረድኤት ጄኔቫ አጠገብ ሜራን ካለው ሥራዋ ስትመለስ ቁጭ ብላ ቅጹን ትሞላልኝ ጀመር። ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ አድራሻ እያለች ሄዳ «ሙያ» የሚለው ላይ ስትደርስ እስክሪብቶውን በጥርሷ ነከሰች። «እማ፣ ያንቺን ሥራ ምን ልበለው?» አለችኝ። እኔም አላወቅሁትም። በመጨረሻ «የእጅ ሥራ» ብላ ጻፈችና ፖስታውን አሸገችው። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ይከነክነኝ ጀመር። የእጅ ሥራማ ሹራብም የእጅ ሥራ ነው። ስለዚህ ራሴ ልጽፈው ተቀመጥኩ።

የሠራሁት ጂግ የሚባል ነገር ነው። ለማያውቀው ሰው፦ አንገቱ ላይ የእርሳስ ራስ የተጣበቀበት መንጠቆ ነው፤ ቁመቱ ከጣት አይበልጥም። እኔ በራሱ ሥር የአጋዘን ጭራ ጠጉር ወይም ላባ በክር አስርበታለሁ፣ ቫርኒሽ እቀባዋለሁ፣ ዓይን እሥልለታለሁ። ዓሣ አጥማጁ ሐይቁ ወለል ድረስ ይሰደውና ከላይ ሆኖ ነጠቅ ነጠቅ ያደርገዋል። ጠጉሩ ውኃ ውስጥ ሲተነፍስ ትልቁ ዓሣ ትንሽ ዓሣ መስሎት ይጎርሰዋል። ነገሩ ይኸው ነው። ፋብሪካ የሠራው በርካሽ ይገኛል፤ ግን ጥርሳም ዓሣ ሁለት ጊዜ ከነከሰው ላባው ይበተናል። በእጅ የታሰረ ደህና ጂግ ዓመት ይቆያል፣ ቋጥኝ ካልያዘው ደግሞ ከዚያም በላይ።

አዲስ አበባ ሳለሁ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ቂርቆስ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋ ነበር፤ ለበዓል ደግሞ የቀሚስ ጥልፍ። ባለቤቴ ቀደም ብሎ አርፏል። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ታናሽ ወንድሜን የሚፈልጉ ሰዎች ቤቴን መመላለሻ አደረጉት። እሱ በአንድ በኩል ሲወጣ እኔ ረድኤትን ይዤ በሌላ በኩል ወጣሁ። እሱን ጄኔቫ፣ እኔን ዙሪክ ጣለን። ያንን ታሪክ ከኔ የባሰ ያየ ስላለ እዚህ አላበዛውም።

ዙሪክ የስደተኛ ሴቶች ረቡዕ ረቡዕ የሚሰፉበት የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነበር፣ ኦርሊኮን የሚባል ሰፈር። ስፌት ይባላል እንጂ አብዛኛው ወሬ ነው። አንድ ቀን አንዲት ረዥም፣ ቀጭን፣ ሽበታም ሴት አሮጌ መጋረጃ ሊሰጡ መጡ። መጋረጃውን ጥለው መሄድ ሲገባቸው ከኋላዬ ቆመው እጄን ያያሉ። አዝራር ነበር የምተክለው። ጨርሼ ሳነሳው ከእጄ ተቀበሉና አዝራሩን በሁለት ጣት ይዘው ጎተቱት። አልተነቀለም። መልሰው ሰጡኝና ሄዱ። እኔ በሆዴ፣ «እቺ ሴትዮ ምን ነክቷታል፣ አዝራር ልትነቅልብኝ ነው እንዴ የመጣችው» አልኩ። በሳምንቱ አንድ መንጠቆ በቡሽ ላይ ሰክተው ይዘውልኝ መጡ።

ትሩዲ ይባላሉ። እኔ ግን በልቤ ሁልጊዜ እትዬ ትሩዲ ነው የምላቸው። ባላቸው ዓሣ አጥማጅ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ ቮሊስሆፈን በሚባለው ሰፈር ሐይቁ ዳር ካለው ቤታቸው ሳይወጡ አርባ ዓመት ጂግ አስረዋል። የሚረከቧቸው ሱቆች ነበሩ፤ እጅ ስላነሳቸው ሰው ይፈልጉ ነበር። የሥራ ፈቃዱ ወረቀት ወራት ፈጀ፤ ኤፍ የሚባለው ጊዜያዊ የስደተኛ ፈቃድ ያለው ሰው ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ በትራም ወደ እሳቸው መሄድ ጀመርኩ።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ተረት በኔ አልሠራም፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የጀመርኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ክር ስጠመጥምና ስፈታ ዋልኩ። መንጠቆው በትንሽ ሞርሳ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተይዟል። ክሩን ሰም አስነክተው ይሰጡኛል፤ እኔ ከእርሳሱ ራስ ጀምሬ ወደ ታች እጠመጥማለሁ፣ እንደገና ወደ ላይ። ክሩ ከክሩ ጎን ይተኛ እንጂ አይደራረብም። ከተደራረበ ጠጉሩ የሚይዘው ጠፍጣፋ መሬት የለውም። ቀጥሎ ጠጉሩ መጣ። ከአጋዘኑ ጭራ ትቆርጫለሽ፣ ከሥሩ ያለውን ለስላሳ ፀጉር በማበጠሪያ ታወጫለሽ፣ ጫፉ እኩል እንዲሆን ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ከተሽ ጠረጴዛው ላይ መታ መታ ታደርጊያለሽ። መጀመሪያ ሦስት ዙር ላላ አድርገሽ ታስሪያለሽ፤ አራተኛው ላይ ነው የሚጠብቀው። ቸኩለሽ በመጀመሪያው ዙር ካጠበቅሽ ጠጉሩ መንጠቆውን ዞሮ ይሸሻል። ቀስ ብለሽ ከሄድሽ ግን ራሱ ተከፍቶ አንገቱን ከቦ ይቆማል። ያንን ለመጀመሪያ ጊዜ በእጄ ሳይ፣ እውነቴን ነው፣ ደስታዬ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የተሰጠኝ ያህል ነበር።

እትዬ ትሩዲ አይቆጡም። ምላጭ ነው ያላቸው። ከየአሥሩ ጂግ አንዱን ዓይናቸውን ጨፍነው ያነሱና ውኃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ይጥሉታል። በማግሥቱ ጠዋት አውጥተው ጠጉሩን በጉጠት ይጎትቱታል። ሦስት ዘለላ ከወጣ አሥሩንም በምላጭ ይቆርጧቸውና ባዶውን መንጠቆ ወደኔ ይገፉታል። «ኖኽማል» ይላሉ፤ እንደገና ማለት ነው። ከጀርመንኛ መጀመሪያ የተማርኩት ቃል እሱ ነው። በመጀመሪያው ወር የኔ ሥራ በሙሉ ወደ ምላጩ ነው የሄደው ማለት ይቻላል። ትራም ውስጥ ሆኜ እያለቀስኩ የተመለስኩበት ቀን አለ። አንድም ቀን ግን ያለ ምክንያት አልቆረጡብኝም።

የሥራ ቀን አይብም ቅቤም አይነኩም ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ እዚያ አገር ዝኑኒ የሚሏት መክሰስ አለች፤ ሰው ሁሉ ዳቦና አይብ ይበላል። እሳቸው ፖም ብቻ። ስብ የክር ጠላት ነው፣ ቫርኒሹን ከክሩ ያጣላዋል ብለው ደጋግመው ነግረውኛል። ስለዚህ እኔም እጄን በሳሙና ሳልታጠብ ሞርሳው አጠገብ አልደርስም። ቫርኒሹንም የሚበጠብጡት ራሳቸው ናቸው፣ በትንሽ ሚዛን እየመዘኑ። ምን ከምን ጋር እንደሚገባ ለማንም አልተናገሩም፤ ለልጃቸው እንኳ። የገዛ እጃቸው ነበር ኩራታቸው። አውቶቡስ ዘግይቶ ቢመጣ፣ ፖለቲካው ቢበላሽ ግድ የላቸውም፤ ቫርኒሼ ተላጠ የሚል ሰው ግን አርባ ዓመት አልመጣባቸውም።

ስድስት ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ። ቢ የሚባለውን የመኖሪያ ፈቃድ ሳገኝ ወንድሜ «ነይ፣ አንድ አገር ውስጥ ሆነን በባቡር እስከ መቼ እንጠያየቃለን» አለኝ። እሱ ጄኔቫ፣ ሰርቬት ሰፈር ነበር የሚኖረው። ለኔና ለረድኤት ለ ሊኞን በሚባለው ሰፈር፣ ያ ጫፉ የማይታይ ረዥም ሕንፃ ውስጥ ቤት ተገኘ። ረድኤት ጀርመንኛውን ጨረስኩ ባለች ማግሥት ፈረንሳይኛ መጀመር ሆነባትና ሁለት ዓመት አኮረፈችኝ። እኔ ግን በመስኮቴ ሮን ወንዝ ይታየኛል፤ ብርሃኑ ከጠዋት ጀምሮ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ለጂግ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል።

እትዬ ትሩዲ ጄኔቫ ሐይቁ አጠገብ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ለሚሸጥ አንድ ሰው ደብዳቤ ጻፉልኝ። መሲዬ ብላን እንበለው። ደብዳቤው ሁለት መስመር ነው፦ የዚህች ሴት እጅ የኔ እጅ ነው፤ ቫርኒሹን እኔ እልክላታለሁ። መሲዬ ብላን ከኔ በዕድሜ ያንሳል፣ ጆሮው ላይ እስክሪብቶ አይጠፋም፣ ቀኑን ሙሉ ያማርራል፣ ልቡ ግን ደህና ነው። እንደ ብዙ የጄኔቫ ሰው ጀርመንኛ ከመናገር ጥርሱን ቢነቅሉት ይመርጣል። ደብዳቤውን ለኔው ሰጥቶ አስተረጎመኝና ሥራ ሰጠኝ። ቤቴ ሆኜ አስራለሁ፣ በየሁለት ሳምንቱ በትራም አደርስለታለሁ። ከጥልፍ ዘመኔ አንድ ነገር ጨመርኩበት፤ ከራሱ ሥር በቀይ ክር ቀጭን ሰንሰለት፣ የዓሣ መተንፈሻ ስንጥብ እንዲመስል። ደንበኞቹ ወደዱት። «ባለ ቀይ አንገቱን ስጠኝ» እያሉ ይገዙ ነበር። እትዬ ትሩዲ ሲያዩት «ለዓሣው ነው ወይስ ለሰርግ?» ብለው ቀለዱብኝ፣ ቀጥለው ግን ሦስት ለራሳቸው አስቀሩ።

ሦስት ዓመት እንዲህ በሰላም ሄደ። ከዚያ ያቺ ጸደይ መጣች።

የዓሣ ማጥመጃው ወቅት ሲከፈት ሱቁ ብዙ ይፈልጋል። ክረምቱን ሙሉ አስሬ ትልቅ ካርቶን ሞልቼ አስረከብኩ። በሁለተኛው ሳምንት መሲዬ ብላን ስልክ ደውሎ በአስቸኳይ ይምጡ አለኝ። ስደርስ ባንኮኒው ላይ የኔን ጂጎች ደርድሯል። ባዶ ናቸው። ጠጉራቸው እንደ ካልሲ ወልቋል፤ ቀይ ሰንሰለቴ ተፈትቶ ተንጠልጥሏል። አንዱን አንስቶ ቫርኒሹን በአውራ ጣቱ አሸት አደረገው። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ። ደንበኞች ተራ በተራ እየመለሱለት ነው፤ አንዱማ ትልቅ ብሮሼ፣ ያ ጥርሳሙ ዓሣ፣ አምልጦኛል ብሎ ሱቁን ቀውጢ አድርጎታል።

መሲዬ ብላን ነገሩን ወዲያው ፈረደ። ማሰሩ ያው ነው፣ ክሩም ያው ነው፤ የተበላሸው ቫርኒሹ ነው፤ ሴትየዋ አርጅተዋል፣ መመዘን አቅቷቸዋል አለ። ስልኩን አንስቶ ለኔ ሰጠኝ፤ ጀርመንኛ አይናገርማ። እኔም ደወልኩ። እንግዲህ ይህን በገዛ አፌ ነው ያደረግሁት። አስተማሪዬን፣ ቫርኒሽዎ ተበላሽቷል ብዬ ነገርኳቸው።

ይከራከሩኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን በቀስታ «ይሆናል። የሚዛኑ ቁጥር ከደበዘዘብኝ ቆይቷል» አሉኝ። በሳምንቱ በፖስታ ትንሽ ጥቅል መጣልኝ። መቀሳቸው ነው። ከሠርጋቸው ጊዜ ጀምሮ የሠሩበት፣ ማንም እንዲነካው የማይፈቅዱት መቀስ። በወረቀት ላይ «ከእንግዲህ አልሠራም፤ አንቺ ተጠቀሚበት» ብለውበታል።

አዘንኩ። ግን ክፋቴንም ልናገር፣ ትንሽ ቀለል ብሎኝ ነበር። እንኳን የኔ እጅ አልሆነ አልኩ። በሃምሳ አምስት ዓመቴ፣ በሁለት ቋንቋ ተንተባትቤ፣ ይህን ሥራ ባጣ ሌላ ማን ይቀጥረኛል? ቢ ፈቃዱም ሲታደስ ሥራሽ የታለ ይላል። በመቀሱም መሥራት አልቻልኩም፤ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

መሲዬ ብላን ከሱቅ አዲስ ቫርኒሽ ገዝቶ ሰጠኝ። እንደገና ማሰር ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ሲያልቁ በእትዬ ትሩዲ ደንብ አንዱን ብርጭቆ ውስጥ ጣልኩ። በማግሥቱ ስጎትተው ጠጉሩ እንዳለ ተከትሎኝ መጣ።

ሁለተኛውን ሞከርኩ፤ ወለቀ። ሦስተኛውንም። እጄን አየሁት፤ ንጹሕ ነው። ክሩን አየሁ። ጠረጴዛውን በአልኮል ወለወልኩ። አስሬ፣ ቀብቼ፣ በመርፌ የመንጠቆውን ቀዳዳ ስጠርግ ረድኤት ገባች። ሻይ ልታፈላ ነው የመጣችው። ከደረቁት አንዱን አነሳችና ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ሳቀች።

«እማ፣ ዓሦቹን ክትፎ ልታበያቸው ነው እንዴ?» አለችኝ።

እጄ አየር ላይ ቀረ። መርፌው በእጄ ነው። ልብስ ሰፊ የሆነ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ መርፌ ሲከብድሽ፣ አልሄድ ሲልሽ፣ ጠጉርሽ ውስጥ ሰካ አድርገሽ ታወጪዋለሽ። የራስ ወዝ ያለሰልሰዋል። እናቴም እንዲህ ታደርግ ነበር፣ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ሳላስበው አደርገዋለሁ። ዙሪክ ሳለሁ ሰው ቤት ነኝ ብዬ ሻሽ አስሬ ስለምውል መርፌው ጠጉሬን አያገኘውም። ጄኔቫ ብቻዬን ቤቴ ነኝ፣ ራሴ ገላጣ ነው። ያም ሆኖ ደረቅ ጠጉር ብዙ አይጎዳም። ያን ክረምት ግን ጠጉሬ ረግፎ አስቸግሮኝ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ለጋ ቅቤ ይዞልኝ መጣ። በየሳምንቱ ራሴን ቅቤ ስቀባ ከረምኩ። ያ መርፌ ደግሞ ቀዳዳ የሚጠርገው ብቻ አይደለም፤ ቫርኒሹን ክሩ ላይ የማዳርሰውም በእሱ ነው። እጄን በሳሙና እየፈተግሁ ቅቤውን ከራሴ እየቀዳሁ ብልቃጥ ውስጥ ነክሬዋለሁ። ወይ ጉዴ! በቅሎ ገመድዋን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች፤ እኔ ግን የራሴን አይደለም ያሳጠርኩት፣ የሰው ነው።

እንግዲህ ወዲያው ተነስቼ ሄድኩ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አልሄድኩም። ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ለረድኤትም «ኩሽናው ነው የሸተተው» አልኳት። ራሴን በሳሙና ሦስት ጊዜ ታጠብኩ፣ ሻሽ አሰርኩ፣ መርፌውን ቡሽ ላይ ሰካሁ፣ ሥራው ተስተካከለ። ማንም አያውቅም። እትዬ ትሩዲ ሰማንያ ዓመታቸው ነው፣ ዛሬ ባያቆሙ ነገ ማቆማቸው አይቀርም እያልኩ ራሴን ሳባብል ሰነበትኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። በሦስተኛው ቀን አዲሱ ጥቁር ዓይን ላይ ነጭ ነጥብ ሳደርግ ነጥቡ ከዓይኑ ውጪ አረፈብኝ። እንዲህ ስቼ አላውቅም። በማግሥቱ የቅቤውን ዕቃ በፌስታል ጠቅልዬ ከኮርናቫን ጣቢያ በጠዋቱ የዙሪክ ባቡር ተሳፈርኩ።

እትዬ ትሩዲ ሲከፍቱልኝ ደነገጥኩ። ከስተዋል። የመስኮቱ ጠረጴዛ ላይ ሞርሳው የለም። በምትኩ ትናንሽ የመስተዋት ቁራጮች ተደርድረዋል፣ በእያንዳንዱ ላይ የቫርኒሽ ጠብታ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እየመዘኑ፣ እየበጠበጡ፣ እየቀቡ ጥፋታቸውን ሲፈልጉ ነው የከረሙት። አንዱም አልተላጠላቸውም። ይህም አላረጋጋቸውም፤ ያኔ ምን እንዳጠፋሁ እንኳ ማስታወስ አልቻልኩም ማለት ነው ብለው ሐኪም ዘንድ ሄደው አእምሯቸውን አስመርምረዋል። ለልጃቸው ደውለው ቤቱን ልልቀቅ፣ የአረጋውያን ቤት ፈልግልኝ ብለዋል። ይህን ሁሉ ሻይ እየቀዱልኝ በተረጋጋ ድምፅ ነገሩኝ። እኔ ፌስታሉን ጭኔ ላይ ይዤ ተቀምጫለሁ።

«የእርስዎ ቫርኒሽ አይደለም» አልኳቸው። «የኔ ራስ ነው።»

አልገባቸውም። ዕቃውን ከፍቼ እንዲያሸቱት ሰጠኋቸው። ጠጉሬን አሳየኋቸው፣ መርፌውን እንዴት እንደምሰካው አሳየኋቸው። ጀርመንኛዬ ሲያልቅ በእጄ ተናገርኩ። እትዬ ትሩዲ በወሬ የሚያምኑ ሰው አይደሉም። ተነሱ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ሞርሳውን ከቁም ሣጥን አወጡ። ሁለት ጂግ አሰሩ። ለአንዱ መርፌውን ቅቤ ካስነኩት በኋላ ከብልቃጣቸው ጥቂት ቫርኒሽ ለይተው ቀቡት፤ ለሌላው በንጹሕ መርፌ። ሲደርቁ ሁለት ብርጭቆ ውስጥ ጣሏቸው። ነገ እናያለን አሉ። ሶፋው ላይ አንጥፈውልኝ አደርኩ።

ጠዋት ጉጠቱን ይዘው መስኮቱ ጋ ቆሙ። የመጀመሪያውን ሲስቡት ጠጉሩ በሙሉ ወለቀ። ሁለተኛውን ሳቡት። አልመጣም። ጠበቅ አድርገው ሳቡት። አንድ ዘለላም አልመጣም። መንጠቆውን ወደ ብርሃኑ አንስተው ብዙ አዩት፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ድምፅ አውጥተው ነው ያለቀሱት። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ ሌላ ምን ላድርግ።

«ሦስት ሳምንት» አሉኝ ፊታቸውን እየጠረጉ። «ሦስት ሳምንት የገዛ እጄን ስጠላ ከረምኩ።»

እዚያ ላይ ዝም ብል ይበቃ ነበር። ግን ከመጣሁ አይቀር ሁሉንም ልጨርስ ብዬ፣ ካወቅሁት ሦስት ቀን አልፎኝ እንደነበር ነገርኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። ያን ጊዜ ነው የተቆጡት፤ ሲቆጡ ያየኋቸው ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ነው።

«ለቅቤው ይቅር ብዬሻለሁ። ማንም ይሳሳታል» አሉ። «ለሦስቱ ቀን ግን ገና ነኝ።»

ካፖርቴን ለበስኩ። በሩ ጋ ስደርስ፣ መቀሴን በፖስታ እንዳትልኪው፣ ይጠፋል፣ ራስሽ ይዘሽልኝ ነይ አሉኝ።

ጄኔቫ ተመልሼ በቀጥታ ሱቅ ሄድኩና ለመሲዬ ብላን ነገርኩት። ያባርረኛል ብዬ ፌስታሌን እንኳ አላስቀመጥኩም። መጀመሪያ ቅቤ ራስ ላይ ይቀባል የሚለውን ማመን አቃተው። ከገባው በኋላ እስክሪብቶውን ከጆሮው አውርዶ ወረቀት ሰጠኝና ጻፊልኝ አለ። ምን ልጻፍ ስለው፣ ይቅርታ በጀርመንኛ አለኝ። ጻፍኩለት። ራሱ ደውሎ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ እያንዳንዷን ቃል እየረገጠ ለእትዬ ትሩዲ አነበበላቸው። እኔን አላባረረኝም። የተመለሰውን ሁሉ እንደገና እንዳስር፣ ለሚጠይቅ ደንበኛም እኔው ቆሜ እንዳስረዳ ብቻ አዘዘኝ። ሁለት ቅዳሜ ባንኮኒው ጋ ቆሜ ከሰው እጅ ባዶ መንጠቆ እየተቀበልኩ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ። ብሮሼው ያመለጠው ሰውዬ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው፤ ታሪኩን ሲሰማ ሳቀና ማዳም ቅቤ የሚል ስም አወጣልኝ። እስካሁን ሐይቁ ዳር ሲያየኝ ከሩቅ በዚያው ስም ይጠራኛል። እኔም ለምጄው አቤት እላለሁ።

መቀሱን በሳምንቱ ይዤ ሄድኩ። እትዬ ትሩዲ ሞርሳቸውን መልሰው ተክለዋል፤ የአረጋውያን ቤቱን ነገር ለልጃቸው ተወው ብለውታል። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ሠሩ። ዓይናቸው በቃኝ ሲላቸው አንድ ጠዋት ሞርሳውን ራሳቸው ፈቱት፣ የቫርኒሹን አበጠባበጥ በወረቀት ጽፈው ላኩልኝ፣ የሚኖሩበትንም የአረጋውያን ቤት ዞረው አይተው ራሳቸው መረጡ። ስለዚያች ጸደይ ግን አንስተው አያውቁም። በየዓመቱ እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ፣ እንስቃለን፣ ስለ ሦስቱ ቀን አንድም ቃል የለም። ረስተውታል ብዬ ነበር። ለነገሩ ዘጠና ሊሞላው የደረሰ ሰው ስንቱን ይይዛል?

የኔ የሥራ ዘመን ጥሩ ነበር። ሰው ስደት ላይ ያላገኘውን እኔ አግኝቻለሁ፤ የምችለውን ነገር፣ በመስኮቴ ብርሃን፣ ሳልቸኩል። ባለፈው ዓመት አውራ ጣቴን ያመኝ ጀመር። ሐኪሙ መቀጠል ትችያለሽ አለኝ፤ መሲዬ ብላን ደግሞ በወር ጥቂት እንኳ እሰሪልኝ ብሎ ለመነኝ። እኔ ግን አራተኛው ዙር ላይ እጄ እንደ ድሮው እንደማያጠብቅ አውቄዋለሁ። የመጨረሻዎቹን አሥር ጨርሼ፣ አንዱን በውኃ ፈትኜ፣ አስረከብኩ።

ቅጹ በፖስታ የሄደ ቀን ለእትዬ ትሩዲ ደወልኩና ማቆሜን ነገርኳቸው።

«ማን አስቆመሽ?» አሉኝ።

ማንም፣ ራሴ ነኝ ያቆምኩት አልኳቸው። የተበላሸ ነገር አለ ወይ አሉኝ። የለም አልኩ።

«እንደሱ ከሆነ ጥሩ ነው» አሉ። «ሦስቱንም ቀን ትቼልሻለሁ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ተቀመጥኩ። ለካ እሳቸውም አልረሱትም። እኔማ አንድም ቀን ረስቼው አላውቅም።